ባለ አሥራ ሰባቱ ቸርኬ

ወንድዬ ያቺን ቀይ ሴሊካውን ከነፍሱ አብልጦ ይወዳታል። ይሄንን ከሳሪስ አቦ እስከ አቃቂ በሰቃ የማያውቅ የለም። ሁለት በር ናት፣ ለመሬት የቀረበች፣ የኋላ ወንበሯ ለሰው ሳይሆን ለጃኬት ማስቀመጫ የተሠራ የሚመስል ስፖርት መኪና። «አግባ እንጂ» ሲሉት «አግብቼ የለም እንዴ» እያለ እሷን ያሳያል። እንዲህ ያለው ሰው እንግዲህ፣ የልብ ጓደኛው ፈየራ ሊያገባ ነው፣ ሙሽሮቹን የምትነዳቸውም አንተ ነህ ሲባል ጊዜ አበደ። ሌላ ቃል የለውም።

«ጎማዋ አነሰ» አለ። ስንት ዓመት ያላነሰው ጎማ ለሰርግ አነሰ። ቃሊቲ አሮጌ መኪና ከሚፈታበት አንድ ግቢ፣ ከአቬንሲስ መኪና የወረደ ባለ አሥራ ሰባት ኢንች ቸርኬ ከነጎማው አገኘና እንደ መስታወት አስወልውሎ፣ በሰርጉ ሰሞን ወደ በዛብህ ጋራዥ ይዞት መጣ። የመጣውም ብቻውን አይደለም። ሙሽራውን ፈየራን አስከትሏል፣ የፈየራን አጎት ኦቦ ቃልቤሳንም ይዟል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

በዛብህ ማለት የሙሽሪት ወንድም ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ «ይሄ ለዚህች መኪና አልተሠራም፣ ውሰድልኝ» ብሎ ያባርረው ነበር፤ በመቆጣት እንደሆነ በሰቃ ውስጥ የሚያክለው መካኒክ የለም። አሁን ግን የመጡት አማቾቹ ናቸው። ማህሌትን የሚወስዱት ሰዎች ናቸው።

ማህሌት ደግሞ ለእሱ እህት ብቻ አይደለችም። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ልጆቹ ሳያድጉ ሞተ። እናታቸው ወይዘሮ ብዙወርቅ ፋብሪካ ሲውሉ ልጅቷን የያዛት በዛብህ ነው። ትምህርት ቤቷ ከአስፋልቱ ማዶ ነበር። የአቃቂን አስፋልት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከናዝሬት የሚመጣ ተሳቢ ለሰው ብሎ አይቆምም። በዛብህ ቀድሞ ይሻገርና ሁለት መዳፎቹን ወደ እሷ ዘርግቶ ይቆማል። መዳፉ እንደተዘረጋ ማህሌት ንቅንቅ አትልም፤ ሲያወርደው ሮጣ ትመጣለች። አንድም ቀን ሳይወርድ አልሮጠችም።

ሴሊካዋን በክሪክ አነሳና የፊቱን ጎማ ፈታ። አዲሱን ቸርኬ ሲያስጠጋው አምስቱም ቀዳዳ ልክክ ብሎ ገባ። ወንድዬ አጨበጨበ። «አየህ? ለእሷ እኮ ነው የተፈጠረው» አለ። ሰውን የሚያሳስተውም ይሄው ነው። ቀዳዳው ይግጠም እንጂ ጎማው ከድሮው ከፍ ይላል፣ ወደ ውጭም ወጣ ይላል።

የኋላ ቀኙ ጋ ሲደርስ በዛብህ ጣቱን ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ፓራፋንጎ ስር አስገብቶ ዳበሰ። እዚያ ቦታ ላይ ከዚህ በፊት የጭነት መኪና ገጭቷት፣ የሆነ ሰው በላሜራ በይዶ ቀለም ቀብቶባታል። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ከውስጥ ግን የላሜራው ጫፍ አልታጠፈም፣ አልተሞረደም፤ እንደ ቢላዋ ስል ሆኖ ቆሟል። በጎማውና በዚያ ጫፍ መሃል አንድ ጣት ገባ። ሁለተኛው አልገባም።

«ይሄ ጫፍ መታጠፍ አለበት» አለ በዛብህ።

«ቀለሙ ይሰነጠቃላ።»

«ይሰነጠቃል።»

«ኧረ በዝዬ» አለ ወንድዬ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፤ «ሰርግ እኮ ነው። ቪዲዮ ይቀረፃል። እህትህን የተሰነጣጠቀ መኪና ውስጥ ላስቀምጣት? ፏ ብላ መሄድ አለባት።»

በዛብህ ቀና ብሎ ኦቦ ቃልቤሳን አየ። ሽማግሌው ዝም ብለው እሱን እሱን ያዩታል። እንግዲህ ምን ይበል? ጎማው አይሆንም ቢል፣ ገና ከመነሻው የሙሽሪት ወንድም ሰው ይንቃል፣ ነገር ይወዳል ሊባል ነው። ማህሌት ነገ የምትኖረው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። በዚያ ላይ ያመጡት ለእሷ ክብር ብለው ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ያዘው።

«እስቲ እንሞክረው» አለ።

ሞከሩት። ወንድዬ መሪውን ያዘ፣ በዛብህ ከጎኑ ተቀመጠ፣ እስከ ድልድዩ ወርደው ተመለሱ። ምንም ድምፅ አልነበረም። ኋላ ወንበር ላይም ማንም አልነበረም። ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲሞከር ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱና መካኒኩ ከፊት ይቀመጣሉ፣ አለቀ። ደግሞስ የዚያች ሴሊካ ኋላ ላይ ማን ተቀምጦ ያውቃል?

«ቀለበት መንገድ ላይ ሙሽሪትን አከንፋታለሁ» ብሎ ወንድዬ ሄደ። በዛብህ ላሜራውን የዳበሰበትን ጣቱን እያሻሸ በሩ ላይ ቆመ። ልቡ አልረጋለትም። ግን አማቾቹ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት፤ ያንን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነበር። በዛብህ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ከረባቱ ትንፋሽ ከልክሎታል። ሙሽራው ከነአጃቢው ሲመጣ የማህሌት ጓደኞች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው ቆሙ። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ፣ እየለመኑ፣ ሽቶ እየረጩ፣ እየገፉ ገቡ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ከዚያ መውጫው ደረሰ።

የሙሽሪትን ሻንጣ ማን ያውጣ? ወንድም ነው የሚያወጣው። በዛብህ ትልቁን ሻንጣ ተሸክሞ የሴሊካዋ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተተ። ወይዘሮ ብዙወርቅ «ይሄ ጠጅ ደግሞ ለአማቾች ነው» አሉ፤ ጀሪካኑን አንስቶ ጨመረ። «ይሄኛውስ?» አሉ፤ እሱንም ጨመረ። ሌላ ቀን ቢሆን እጁ ሚዛን ነው፣ ክብደት አይስትም። ያን ቀን ግን መካኒክነቱን ከቱታው ጋር ጋራዥ ሰቅሎት ነው የመጣው።

ከዚያ ሰው ገባ። ለሁለት በሚጠብብ ወንበር ላይ ፈየራ በግራ፣ ማህሌት ከነቬሎዋ በቀኝ፣ በመካከላቸው ቬሎው እንዳይጨማደድ የምትጠብቅ ሚዜዋ። ከፊት ደግሞ የሙሽራው አንደኛ ሚዜ፣ ደልደል ያለ ልጅ ነው። መኪናዋ ከክብደቱ ወደ ኋላ ቁጭ አለች። ወንድዬ መሪው ላይ ሆኖ ጥርሱን እያሳየ ለቪዲዮው እጁን ያወዛውዛል።

ማህሌት ከመግባቷ በፊት ወንድሟ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ ነበር። እሱ አላለቀሰም። «አይዞሽ» ብቻ ነው ያለው። ቀና ብላ አየችው፣ ቅር አላት፣ ከዚያ ገባች። በዛብህ ከጀመረ እንደማያቆም ስለሚያውቅ ነው የቻለው፤ እሷ ግን ይሄንን በምን ትወቅ?

ከግቢው ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ቦይ ላይ የተጋደመ ድንጋይ አለ። ሴሊካዋ እዚያ ላይ ወደ ግራ ታጥፋ ስትወርድ፣ ከኋላ ቀኝ በኩል «ጭርር» የሚል ድምፅ ወጣ። አጭር ነበር። በዚያ ሁሉ ጡሩምባና እልልታ መሃል ከበዛብህ ሌላ የሰማ የለም። ሄዶ ጎንበስ አለ። ድንጋዩ ሥር እንደ ጥቁር ክር የተጠቀለለ የጎማ ፍቅፋቂ ወድቋል። በጣቱ ሲይዘው ገና ትኩስ ነው።

«ምን ወደቀብህ?» አሉት እናቱ።

ያኔ ያልታየው ነገር አሁን ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። ሰው የጫነች መኪና ወደ ግራ ስትዞር ክብደቷ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ ቀኝ ኋላ ደግሞ ያ ላሜራ ነው፣ ከላሜራው በላይ ማህሌት ናት። ቀጥ ብላ ብትሄድ ምንም አይደለም። ሰርገኛ ግን ቃሊቲ አደባባይ ሲደርስ መቼ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያውቃል? ጡሩምባውን እየነፋ፣ ወደ ግራ እየታጠፈ፣ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ቪዲዮው እስኪጠግብ ይዞራል። ላሜራው ጎማውን ልክ እንደ ካሮት ይልጠዋል። ከዚያ ወንድዬ የተላጠውን ጎማ ይዞ ቀለበት መንገድ ላይ ይወጣና ያከንፋታል። እንደዚያ ስትከንፍ ከፈነዳ የሚተርፍ የለም።

ስልኩን አውጥቶ ወንድዬ ጋ ደወለ። ይጠራል፣ ማን ይስማው። ፈየራ ጋ ደወለ፤ የቴሌዋ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» አለችው። ማህሌትማ ስልኳን ለእናቷ ሰጥታ ነው የወጣችው።

ጎረቤቱ ታጁ ድንኳኑንና ወንበሩን ያመላለሰበትን አይሱዙ አጥሩ ጥግ አቁሞ፣ ጥላ ሥር ምሳውን ይበላል።

«ታጁ፣ ቁልፉ አንተ ጋ ነው?»

«ምነው?»

«ማህሌት የተቀመጠችበት ጎማ ሊፈነዳ ነው።»

ታጁ ሳህኑን አስቀምጦ ተነሳ። ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀም፣ እጁንም አልታጠበም።

ሰርገኛ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ እንደርስበታለን ብለው ነበር። ድልድዩ ላይ ግን ብረት የጫነ ተሳቢ ከፊታቸው ገብቶ መንገዱን ሞላው። ከወዲያ በኩል ሌላው ይመጣል። ታጁ ጡሩምባ ነፋ፣ ተሳቢው ከነመፈጠራቸውም አልሰማም። አቀበቱን እየተጎተተ ወጣ፣ እነሱም ከኋላው እየተጎተቱ ወጡ። በዛብህ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ይዞ በልቡ የሚቆጥረው የአደባባዩን ዙር ነው። አሁን ደርሰዋል። አሁን መዞር ጀምረዋል።

«ማነው የገጠመው?» አለ ታጁ።

«እኔ።»

ታጁ ዞር ብሎ አየው፣ መልሶ መንገዱን አየ። «አንተ? እያወቅክ?»

«እምቢ ማለት አቃተኝ። ሽማግሌው ቁጭ ብለው እያዩኝ።»

«ወላሂ እኔን ግን የጎማህን ንፋስ አጎደልክ ብለህ ባለፈው እንደ ውሻ ነው ያባረርከኝ» አለ ታጁ። ተሳቢው ወደ አንድ መጋዘን ሲታጠፍ ታጁ የአይሱዙውን ነዳጅ እስከ ጫፉ ረገጠ።

አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ሰርገኛው መንገዱን ሞልቶ እየዞረ ነው። ከፊት ቪዲዮ ቀራጩ የተጫነባት ፒክአፕ፣ ቀጥሎ ሴሊካዋ፣ ከኋላ አጃቢው። ባለ አሥራ ሰባቱ ቸርኬ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፤ እውነት ለመናገር ያምራል። በዛብህ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወረደና ኮቱን እያወዛወዘ መንገዱ መሃል ገባ።

«አቁም! ወንድዬ፣ አቁም!»

እንግዲህ የሙሽሪት ወንድም፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሰርገኛ ፊት መንገድ ዘግቶ ቆመ። ማንም አበሻ ቢያየው ምን ይላል? እህቴን አልሰጥም ብሎ ጨዋታ ያመጣ ነው የሚመስለው። ሰርገኛው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እልልታው ቀለጠ። አንደኛ ሚዜው በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ በሩ ላይ እንዳደረገው ሁሉ ሽቶውን በዛብህ ፊት ላይ ረጨበት። ወንድዬ እየሳቀ መሪውን ጠምዝዞ በጎኑ አለፈ።

በዛብህ ዓይኑ በሽቶ ተቃጥሎ ቆሞ ቀረ። ስታልፍ ግን ሰማት፤ «ጭርርርር» አለች፣ አሁን ረጅም ነው። ከሽቶው በላይ የተቃጠለ ጎማ ሸተተው። ተከትሏት ሮጠ፤ አጃቢው መኪና ሊገጨው ሲል አቆመና ያ ደግሞ በጭብጨባ ተቀበለው። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ወደ እሱ አዙሮ አውራ ጣቱን አሳየው። እያለቀሰ ቢጮህ እንኳን የሰርግ ለቅሶ ነው ይሉታል። ምን ቢያደርግ ነው ሰው የሚያምነው?

ሴሊካዋ ዞራ መጣች። ፒክአፕዋ አለፈች። በዛብህ መሮጡን ተወ፣ መጮኹን ተወ። ቀጥ ብሎ መንገዱ መሃል ቆመና ሁለት መዳፎቹን ወደ ፊት ዘረጋ።

ወንድዬ አሁንም እየሳቀ ነው። ሚዜው ሽቶውን አዘጋጅቷል። ከኋላቸው፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ብቅ ያለ የማህሌት ፊት ታየው። እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ከዚያ ነጭ ጓንት ያደረገ እጅ ከኋላ መጥቶ የወንድዬን ኮሌታ አንቆ ሲስብ አየ። ፍሬኑ ጮኸ። በዛብህ አልተነቃነቀም። መኪናዋ ጉልበቱ ሥር ቆመች።

«አቁም አልኩህ!» የሚለው የማህሌት ድምፅ በመስኮቱ ወጣ። «እየተጫወተ አይደለም፣ ወንድሜን አውቀዋለሁ።»

በዛብህ ወደ ኋላ ቀኙ ሄዶ ተንበረከከ። የጎማው ትከሻ ዙሪያውን ተልጦ፣ ውስጥ ያለው ክር ወጥቷል። በአንድ ቦታ ሽቦው ያበራል። ወንድዬ ወርዶ ከበላዩ ቆመና ያንን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ፈየራ መጣ፣ ሚዜዎቹ መጡ፣ ጡሩምባው አንድ በአንድ ቆመ። የቆሙት የጭነት መኪናዎች ናቸው አሁን የሚነፉት።

«ቀስ ብዬ ብነዳትስ?» አለ ወንድዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የምንሄድበት ሳሪስ ቅርብ ነው። ቀለበት መንገድ አልገባም። በዝዬ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው እኮ።»

በዛብህ መልስ ሊሰጥ ሲል ሰዉ ገለል ገለል አለ። ኦቦ ቃልቤሳ ከኋላው መኪና ወርደው በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ጎማውን ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ በዛብህን አዩት፤ ያን ቀን አግዳሚው ላይ ሆነው እንዳዩት ነው ያዩት።

«ልጄ» አሉ፤ «ይቺ መኪና ትሄዳለች ወይስ አትሄድም?»

ያው ሽማግሌ ናቸው፣ ያው ዓይን ነው። ያ ይሉኝታ ተመልሶ ሲመጣበት ተሰማው። በመስኮቱ የማህሌት ነጭ ቬሎ ይታየዋል።

«አትሄድም» አለ። «አንድ እርምጃም አትሄድም። ያኔም መገጠም አልነበረበትም። የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ ነው የገጠምኩት። እርስዎን አፍሬ ነው።»

ሽማግሌው አንድ እርምጃ ጠጋ አሉት።

«ያን ቀን ጣትህን ስታስገባ አይቻለሁ» አሉ። «ፊትህ ሲለወጥም አይቻለሁ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። በመካኒክ ሥራ ገብቼ ምን እላለሁ ብዬ እኔም አንተን አፍሬ ነው የተውኩት።» ከዘራቸውን አስፋልቱ ላይ ተከሉ። «ልንገድላት ነበር እኮ፣ ሁለታችን ተከባብረን።»

በዛብህ ዓይናቸውን ማየት አቅቶት የታጁን አይሱዙ አየ። ታጁ ሳይነግሩት ገብቶት፣ የጋቢናውን ወንበር በሸሚዙ እጅጌ እየወለወለ ነው።

«ሙሽሮቹ በእሱ ይሄዳሉ» አለ በዛብህ። ወንድዬ ራሱን ያዘ። ማህሌት ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች፤ ፈየራና ሚዜዋ ከታች ደግፈው ጋቢና አወጧት፣ ፈየራም ተከትሏት ወጣ። ነጩ ቬሎ የጋቢናውን ግማሽ ሞላው። አንዲት ሴትዮ ከኋላ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ከአደባባዩ ወደ ሳሪስ ለመውጣት የታፈነው መኪና መለቀቅ ነበረበት። በዛብህ አይሱዙው ፊት ሄዶ ቆመና ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ታጁን አስቆመው። ተሳቢዎቹ እያጉረመረሙ ከኋላው አለፉ። ሚኒባሶቹ አለፉ። የመጨረሻው ነዳጅ ጫኝ አለፈ። መንገዱ ጭር አለ። በዛብህ ግን መዳፉን እንደዘረጋ ነው። እንባው ከሽቶው ጋር ፊቱ ላይ ይወርዳል፣ እጁ አይወርድለትም።

ታጁ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ማህሌት ክንዱን ያዘችው። ሁሉም የሚጠብቀው በዛብህን ነው። ከዚያ በፈየራ ላይ ተሻግራ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«ወንድም ጋሼ» አለች በቀስታ፤ «መንገዱ ባዶ ነው።»

ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝ አየ። እውነትም ባዶ ነው። እጁን አወረደ፣ ከመንገዱም ዞር አለ፣ አይሱዙውም እህቱን ይዞ ሄደ።